ቁጥር የሌላቸው

እሑድ ማታ

ነገ ሥራ እናቆማለን። ስጽፈው እንኳ ብዕሩ ይከብደኛል።

ብረት የሚያቀልጡት የእቶን ሰዎች የሠራተኛ ማኅበር አላቸው። እኛ የፋብሪካው የቢሮ ሠራተኞችም መሥርተናል፤ አለቆቹ ግን አናውቀውም ብለዋል። "እናንተ ሠራተኛ አይደላችሁም፣ የአስተዳደሩ አካል ናችሁ" ይሉናል። የትኛው አካል እንደሆንን ግን አይነግሩንም። እኔን ከጠየቁኝ የሚቀመጡበት ነን።

የእኔ ሥራ ቁጥር ቤት ነው። ወደ ብረት ማቅለጫው የሚገባ ሰው ሁሉ በመስኮቴ በኩል ያልፋል። ቁጥሩ የተቀረጸባትን የናስ ቁራጭ ይሰጠኛል፣ "ውስጥ" የሚለው ሰሌዳ ላይ እሰቅላታለሁ። ሲወጣ አውርጄ እመልስለታለሁ። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው ያ ሰሌዳ ነው። የተሰቀለ ቁጥር ካለ ሰው ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው፤ ገብተው ይፈልጉታል። ባዶ ከሆነ እፎይ ይባላል። የቢሮ ሰው ግን ቁጥር የለውም። የሰውን ሁሉ ቁጥር ስሰቅልና ሳወርድ የምውለው እኔ ራሴ የለኝም።

መዶሻ ትናንት ስብሰባ ላይ ይህንኑ አንስታ ነበር። መዶሻ የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ናት። ደመወዝ ክፍል ተቀምጣ ማኅተም ስትመታ ጎን ካለው ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ ይዘላል፤ ስሙ የወጣላት በዚያ ነው። "እኛ ብንቃጠል የሚፈልገን የለም! ለምን? አልገባንማ!" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በዚህ ዕድሜዬ ብባረር ማን ይቀጥረኛል? የምኖርበትም ቤት የፋብሪካው ነው።

ልጄ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናት። ራት ላይ፣ "ነገ ከኛ ጋር ነሽ አይደል?" አልኳት።

"ነገ እናያለን እማዬ።"

"ነገ እኮ ነው አድማው።"

"አውቃለሁ እኮ" አለችና ሳህኗን አነሳች።

ሰኞ

ቆምን። ዝናብ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል።

ልጄ ገባች። ልብስ የያዘ ሻንጣ አንጠልጥላ። "ታማኞቹን" እዚያው ግቢ ውስጥ ሊያሳድሯቸው ነው። በፊቴ ነው ያለፈችው። ቆም አለችና፣ "እማዬ፣ ሻሉን ወደ ላይ ሳቢው፤ አንገትሽን ይበርድሻል" አለችኝ። ፊቴን አዞርኩ።

መዝገብ ቤት የምትሠራው ጎረቤቴ አጠገቤ ነበረች። "ያንቺ አይደለችም እንዴ?" አለችኝ።

"ዓይኔ አያይልኝም" አልኳት።

ሰኞ ማታ

ቤቱ ጭር ብሏል። አባቷ ሲሞት ገና የወተት ጥርሷን አልጣለችም ነበር። ያኔ እኔ የቢሮ ወለል ጠራጊ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ከሷ ጋር ነው። የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ የጻፈችውን እገለብጥ ነበር። ስሳሳት በሳቅ ትፈርሳለች። ከዚያ እጄን ይዛ ታስተካክልልኛለች። ማንበብ ስችል ነው ከመጥረጊያው ወደ ቁጥር ቤት ያዛወሩኝ። ታዲያ ውለታ ነው? ውለታውን ዛሬ በሻንጣ ይዛው ገባች።

እሷ ምን ጎደለባት? ሥራ አስኪያጁ "የኔ እመቤት" ይላታል አሉ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

በኮሪደሩ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ልቤ ትዘላለች። የምትገባ እየመሰለኝ አይደለም። ፖሊስ እየመሰለኝ ነው።

ረቡዕ

የእቶን ሰዎች በራሳቸው በር አንገታቸውን ደፍተው ይገባሉ። ፎርማናቸው ጠና ያለ ደግ ሰው ነው። ቆሞ አስረዳን። "እቶን ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል፣ ፋብሪካው ይሞታል። ስለዚህ እንገባለን። ልባችን ግን ከናንተ ጋር ነው" አለ።

"ልባችሁን እዚያው ያዙትና እግራችሁን ስጡን!" አለችው መዶሻ። እሱም ሳቀ። የያዘውን ዳቦ ለኔ ሰጥቶኝ ገባ። "እትዬ፣ ያንቺ መስኮት ላይ የአንዱን አለቃ ሹፌር አስቀምጠውብሻል። ቁጥር ሲሰቅል ልብስ የሚያሰጣ ነው የሚመስለው" አለኝ።

ሳልፈልግ ሳቅሁ። የዳቦውን ግማሽ በላሁ። ሌላውን ግማሽ ለማን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፤ ደርቋል።

ዓርብ

ዛሬ የፋብሪካው ቤቶች በር ላይ ሁሉ ቀይ ወረቀት ተለጥፏል። በአድማው የተሳተፈ ቤቱን ይልቀቅ ይላል። ከላይኛው ደረጃ እስከ ታችኛው። የጎረቤቴ በር ላይ አለ። የመዶሻም በር ላይ አለ።

የኔ በር ላይ የለም። ወድቆ እንደሆነ ብዬ ደረጃው ሥር ሳይቀር አየሁ።

"ፈጣሪ ሸፈነኝ" አልኩ።

ጎረቤቴ ወረቀቷን እየቀደደች፣ "የፈጣሪ ጸሐፊ ያንቺ ልጅ ናት እንዴ?" አለች።

ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ረስተውኝ ነው። እኔን የሚያስታውስ ማን አለ? ሰው ይረሳል።

እሑድ

ውሃ ልቀዳ ስወጣ ሴቶቹ ዝም አሉ። እኔ ስመለስ ወሬያቸው ቀጠለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ጆሮ ግን ሰምቷል። "በየቀኑ የምንመክረውን ማታ ማታ ለልጇ የምታቀብለው እሷ ናት።" እንዴት ነው የማቀብላት? በሕልሜ?

የኮሚቴው ሰዎች ስቀርብ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ዛሬ ሻይ ሲታደል ብርጭቆ አልበቃም ተባለ። ለኔ ሲደርስ ነው ያልበቃው።

ከአለቆቹ ይልቅ እነዚህን መፍራት ጀመርኩ። አለቆቹ ቢበዛ ያባርሩኛል። ከነዚህ ጋር ግን ነው የምኖረው።

ማክሰኞ

ዛሬ ተታለልን። ከሰዓት በኋላ የአደጋ ጡሩምባ ጮኸ። ሰው ሊሞት ነው ብለን መንገዱን ለቀቅን፣ ለአምቡላንስ። አምቡላንስ የለም። ቁርጥራጭ ብረት የጫኑ መኪናዎች ተከታትለው ገቡ። ዘበኞቹ ይስቁብን ነበር።

መዶሻ ከንዴት የተነሳ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ "ከእንግዲህ ጡሩምባ ቢጮህ፣ ሰማይ ቢወድቅ፣ ንቅንቅ የሚል የለም። የተንቀሳቀሰ የነሱ ሰው ነው!" አለች። እጅ አወጣን። እኔም አወጣሁ፤ ከሁሉ ቀድሜ ነው ያወጣሁት። እንዲያዩኝ።

ሐሙስ ማታ

ይህን ልጽፈው አልፈልግም ነበር።

ዛሬ ስብሰባ ላይ ከኋላ አንድ ወንድ፣ "የሰላይ እናት ትውጣልን!" አለ። ማን እንደሆነ አላየሁም። ከዚያ ሌላውም አለ። መዶሻ ዝም እንዲሉ ጠየቀች፤ ግን ወደኔ ስታይ ዓይኗ ውስጥ ጥያቄ አለ። "እትዬ፣ አንድ ነገር በይ እስቲ" አለችኝ።

ተነሳሁ። በሩን አየሁ፤ ሩቅ ነው። ከዚያ አፌ ተናገረ። "እኔ ልጅ የለኝም። እዚያ ውስጥ ያለችው የሥራ አስኪያጁ ልጅ ናት" አልኩ።

አጨበጨቡ። እግዚኦ፣ እንዴት እንዳጨበጨቡ! ጎረቤቴ አቀፈችኝ። ሻይ መጣልኝ፣ በትልቅ ብርጭቆ። ያ ከኋላ የጮኸው ሰውዬ ሳይሆን አይቀርም ስኳር ያቀበለኝ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ግን ምን ላድርግ? ቃል ነው። ቃል ሰው አይገድልም። ደግሞ እሷ አልሰማችም።

ስንወጣ አንዱ፣ "ታማኞቹ የት የት ናቸው የሚያድሩት?" ብሎ ጠየቀኝ። ከፊት ለፊት፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አጠገብ ያለው መስኮት አልኩት። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። መጋረጃው ሲነሳና ሲወርድ በየቀኑ አየው የለ?

ቅዳሜ

ያን መስኮት ሰበሩት። በድንጋይ።

ከማዶ ቆሜ አየሁ። መስታወቱ ሲረግፍ አንዲት ሴት ጮኸች። የልጄ ድምፅ አልነበረም። አይመስለኝም።

እኔ አልወረወርኩም።

ሰኞ

የበሩ ዘበኛ ሆዱ ሱሪውን ስለሚያወርድበት ቀኑን ሙሉ ቀበቶውን ሲጎትት ይውላል፤ ቀበቶ ነው የምንለው። አፉ ባለጌ ነው፣ ልቡ ግን መጥፎ አይደለም። ዛሬ ዝናቡን ሽሽት አጥሩ ሥር ስጠጋ መጣና ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ፣ "እትዬ፣ ልጅሽ ደህና ናት። መስታወቱ አልነካትም። እሷንና ሽማግሌውን ተላላኪ ወደ ኋላ ወስደዋቸዋል። የድሮው ንድፍ ቤት ነው ያሉት። እዚያ ድንጋይ አይደርስም፤ ማንም እንዳያውቅ ተብሏል" አለኝ።

"የትኛዋ ልጄ?" አልኩት።

ቀበቶውን ጎተተ። "እሺ፣ የሥራ አስኪያጁ ልጅ" አለኝ።

ሰምቷል። እሱ ከሰማ እሷም ሰምታለች።

ማታ

እንቅልፍ አልመጣም። ንድፍ ቤት!

ያ ቤት ከእቶኑ ጀርባ ነው፤ የእቶኑ ጋዝ የሚሄድበት ትልቁ ቧንቧ በጣራው ላይ ያልፋል። ንድፍ ሠሪዎቹን ከዚያ ያስወጧቸው ራሳቸውን እያመማቸው ነው። ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም። እንቅልፍ የወሰደው አስመስሎ ነው ሰውን የሚወስደው። የእቶን ሰዎች "ደጉ ሞት" ይሉታል። እዚያ ሰው ያሳድራሉ? አለቆቹ መቼም ፎቅ ላይ ሆነው ሁሉም ጣራ አንድ ነው የሚመስላቸው።

ለማን ልናገር? ለመዶሻ? "ልጅ የለኝም ያልሽው አንቺ አይደለሽም?" ብትለኝስ? እንዴት አወቅሽ ብትለኝስ? ቀበቶ ነገረኝ ልል ነው? ዘበኛ የሚነግራት ሴት ምንድን ናት?

ቧንቧው ደህና ነው። ስንት ዘመን ቆሟል። ስንት ክረምት።

እኔ ባላሳያቸው ኖሮ መስኮቱን አይሰብሩም ነበር? ይሰብሩ ነበር። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው።

ረቡዕ

ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል። አንዱ ትንሽዬ ነው፣ ባርኔጣው ጆሮው ላይ ይወድቃል። "እናቴ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ ጉንፋን ይይዝሻል" ይለኛል። አልሄድኩም። ከዚህ ሆኜ የንድፍ ቤቱ ጣራ ጫፍ ይታየኛል። ስለዚያ አይደለም የቆምኩት። አድማ ላይ ነኝ።

ሽማግሌው ተላላኪ ዛሬ ጠዋት ሻይ ይዞ ወደ ኋላ ሲሄድ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። ሁለት ብርጭቆ።

ሐሙስ

ሐኪም ቤት ነኝ። ትተነፍሳለች። አፏ ላይ ጭንብል አድርገውላታል። ከንፈሯ መልክ የለውም።

ሽማግሌው አልተረፈም።

ወዲያው ነው የተናገርኩት። ወዲያው።

ዓርብ

በሥርዓቱ ልጻፈው፤ ኋላ ቢጠይቁኝ እንዳይደባለቅብኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጡሩምባው ጮኸ። ማንም ንቅንቅ አላለም። "ቲያትሩ ተጀመረ!" አለች መዶሻ። አንዱ እንዲያውም በጡሩምባው ድምፅ ዘፈን አወጣለት። ከዚያ የእቶን ሰዎች "ጋዝ! ጋዝ!" እያሉ እየሮጡ መጡ። የሚያስሉ አሉ፤ አንዱ በሩ ሥር ተደፍቶ አስታወከ። ያን ጊዜ እውነት መሆኑን ሁላችንም አወቅን። ከፊት ለፊት ያሉት ታማኞችም ወጥተው አፍንጫቸውን በኮታቸው ሸፍነው ቆሙ። ሹፌሩ ከቁጥር ቤት አንገቱን አውጥቶ፣ "ሰሌዳው ባዶ ነው! ሁሉም ወጥቷል!" ብሎ ጮኸ። ከወዲህም ከወዲያም እፎይ ተባለ።

ታማኞቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ልጄ የለችም። ሽማግሌው የለም። ደግሜ አየሁ።

ቀበቶ ትናንት ተረኛ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁም ከተማ ወጥቷል። ንድፍ ቤት ሰው እንዳለ ከኔ በቀር የሚያውቅ እዚያ አልነበረም።

መዶሻ ክንዴን ይዛኛለች። "ማንም አይንቀሳቀስ፤ አሁን ደግሞ መኪና ሊያስገቡ ይሆናል" ትላለች። ልናገር አልኩ፣ ድምፄ ተዘጋ። ሰሞኑን ጉሮሮዬን ያመኛል። ከብርዱ ነው።

ፎርማኑ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያወለቀ ነበር። አንዱን ጫማ አውልቆ ሳይጨርስ ሄጄ እጅጌውን ያዝኩ። "ንድፍ ቤት" አልኩት።

"ንድፍ ቤት ማን አለ?"

"ልጄ" አልኩት።

ሰው ሁሉ ሰማ። እሱ ሮጠ። ሌሎች ሁለት ጭንብል እያሰሩ ተከተሉት። ተሸክመዋት ሲመጡ እጇ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነበር። ነፍሴ ከሥጋዬ ተለየች።

እሷ የተኛችው በሩ አጠገብ ነበር፤ ከሥሩ አየር ይገባል። ሽማግሌው ከወዲያኛው ጥግ ነበር።

ቅዳሜ

ዓይኗን ገለጠች። እኔን አየችኝ፤ ብዙ አየችኝ። የመጀመሪያ ቃሏ፣ "በሩ ላይ ወረቀት ለጠፉብሽ?" የሚል ነበር።

"ምን ወረቀት?"

"ቀዩን። ቤቱን... አልነኩሽም?"

"አልነኩኝም።"

"ደግ። ሥራ አስኪያጁ ቃሉን ጠበቀ ማለት ነው" አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ጋዙ እንዲህ ያስቀባጥራል አለችኝ ነርሷ። ትቀባጥራለች። እኔም ብዙ አላሰብኩበትም።

እሑድ

ሽማግሌውን ቀበርን። አድመኛውም፣ ታማኙም፣ የእቶን ሰውም ባንድ ላይ ቆመ። ሚስቱ ትንሽዬ አሮጊት ናት። መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "እህቴ፣ አንቺ ባትናገሪ ሬሳውንም ባላገኘሁት" አለችኝ። ከእቅፏ ልወጣ ብል አልለቀቀችኝም።

ሁለት ሰዎች ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ። ሐኪሙ፣ ሽማግሌው ትንሽ ቀደም ብለው ቢደርሱለት ይተርፍ ነበር ብሏል።

ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው? ሐኪም እንዲህ ነው፤ ይናገርና ይሄዳል።

ማክሰኞ

ጎረቤቴ ሐኪም ቤት ዳቦ ይዛ መጣች። ለነርሶቹ ሁሉ ታሪኩን ትነግራለች። "ፎርማኑ ባዶ እግሩን እኮ ነው የሮጠው! በዚያ ሁሉ የብረት ቁርጥራጭ ላይ!" ትላለች።

ባዶ እግሩን ነው። አሁን ትዝ አለኝ። ሁለቱንም አውልቆ ነበር። ካልሲውንም ጨምቆ ድንጋዩ ላይ አስጥቶት ነበር። ዓርብ ስጽፍ ተሳስቻለሁ። ያን ጊዜ ድንጋጤ ላይ ነበርኩ።

ኮዳ ይዘው መጥተውለትም ነበር። ጠጥቷል። ፊቱን ታጥቧል። ይህን ለምን እንደምጽፈው አላውቅም።

ሐሙስ

አሸነፍን።

ማኅበራችንን አወቁልን። ሰው ከሞተ በኋላ፣ ጋዜጠኞቹም በሩ ላይ ከፈሰሱ በኋላ፣ ምርጫ አልነበራቸውም። ቀዩ ወረቀትም ተነሳ። የቢሮ ሰው ሁሉ የናስ ቁጥር ይሠራለታል። መዶሻ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ። ከዚያ፣ "ያቺ ጀግና እናት ወዲህ ትምጣልን! ያቺ የጮኸችው!" አለች። ሁሉም ዞረው ፈለጉኝ። ያጨበጭባሉ። ያን ቀን ያጨበጨቡት እጆች ናቸው።

አልወጣሁም። ወገቤን ያመኛል አልኩ።

እኔ አልጮኽኩም። እጅጌ ነው የያዝኩት። ማንም ይህን አልጠየቀኝም።

እሑድ

ልጄ ቤት ገባች። ደረጃውን ስትወጣ ሦስት ጊዜ አረፈች። ክፍሏን አጽድቼ፣ አንሶላ ቀይሬ ጠበቅኋት። ስለዚያ ስብሰባ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። "እማዬ" ትለኛለች፣ እንደ ድሮው። እንደ ድሮው አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ፎርማኑ ሊጠይቃት መጣ። ውስጥ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ በልጁ ሰፊ ነጠላ ጫማ ያነክሳል። ደስ ብሎታል፤ ልጄን ባየ ቁጥር ይስቃል። ስለዚያ ቀን ሲያወራ ወጥ ቤት ሆኜ ሻይ አፈላ ነበር። ድምፁ ትልቅ ነው።

"አለቀ ብለን ቁጭ ብለናል" ይላታል። "ታጠብኩ፣ ጠጣሁ። ከኛ ከእቶን ሰዎች አንዱ ቀልደኛ ልጅ የሆነ ነገር ተናግሮ ሁላችንንም አሳቀን። ምን እንደነበር እንኳ ረሳሁት። እናትሽ ከማዶ ትታየኛለች። ምስኪን! ወደኔ ታያለች፣ ቆማለች። ቆማ ቆማ መጣች። መጥታ እጅጌዬን ስትይዘኝ የሷ እጅ እንደ በረዶ!"

"ቆማ ቆማ" አለች ልጄ።

"አዎ። ደንግጣ ነዋ! እናት አይደለች?"

ሻዩ ገነፈለ። እሳቱን አጠፋሁ። ሻዩን ይዤ ገባሁ። ፎርማኑ ሻዩን አመስግኖ ጠጣ፤ የጸዳ ልብ ያለው ሰው ነው፣ ምን እንዳደረገ አያውቅም።

እሱ ከሄደ በኋላ ብርጭቆዎቹን ሳነሳ ጠራችኝ።

"እማዬ።"

"ወዬ።"

"ያን ቀን... ቶሎ ነው የነገርሻቸው?"

መስኮቱ ክፍት ነበር። ልዘጋው ሄድኩ። ተመለስኩ። አሁንም እያየችኝ ነው። ትንሽ ሆና ስሳሳት እንደምታየኝ አይደለም፤ ያኔ ፊቷ ላይ ሳቅ ነበረ።

"ቶሎ ነው" አልኳት።

"እሺ" አለች።

ተቆጥታ አይደለም ያለችው። አላለቀሰችም። "እሺ" አለችና ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ስባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አሁን ተኝታለች። ደረቷ ሲወጣና ሲወርድ ከዚህ ይሰማኛል፤ ሳንባዋ ገና ያፏጫል። አጠገቧ ሆኜ ይህን እጽፋለሁ። ስትነቃ ደግማ ብትጠይቀኝ እውነቱን እነግራታለሁ ብያለሁ። የምለውን እንኳ አዘጋጅቻለሁ።

ደግማ ግን አትጠይቀኝም። አውቃታለሁ፣ የኔው ልጅ ናት። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።